ጡረተኛው ሾፌርና ሦስቱ ካርዶች

ሚጡ ሠላሳ ዓመት ቢያልፋትም ቤት ውስጥ ከሚጡ ሌላ ስም አልወጣላትም። በምትሠራበት የኮምፒውተር መሸጫና መጠገኛ ሱቅ ግን "ባለሙያዋ" ነው የሚሏት። ደንበኛ ሁሉ እሷን እያስጠራ ያንኑ ጥያቄ ይጠይቃታል፤ "አዲሱ ግራፊክስ ካርድ ከአሮጌው በስንት ይሻላል?" የሱቁ ባለቤት ጥያቄው ሲሰለቸው፣ አንድ ዓርብ ከሰዓት የኮምፒውተርን ምስል የሚሠሩ ሁለት ካርዶች በካርቶን አስታቀፋት። አንዱ ማሸጊያው ያልተቀደደ አዲስ፣ ሌላው አራት ዓመት ያገለገለ ነው።

"እቤትሽ አወዳድሪያቸውና ውጤቱን ግድግዳ ላይ እንለጥፈው። እኛም እፎይ እንላለን" አላት።

ሦስተኛውን፣ የዘጠኝ ዓመቱን አሮጌ፣ ከሱቅ መውሰድ አላስፈለጋትም። እሱ አባቷ ኮምፒውተር ውስጥ አለ።

አባቷ ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ቤት መዋል ጀምረው በሁለተኛው ወር ፊታቸው እየጠቆረ ሲሄድባት፣ ሚጡ የአውቶቡስ መንዳት ጌም ጫነችላቸው፤ መሪና ፔዳልም ጠረጴዛው ላይና ሥሩ ገጠመችላቸው። ከዚያ ወዲህ አባት ጠዋት ጠዋት ሸሚዛቸውን ተኩሰው፣ ጢማቸውን ተላጭተው፣ መኝታ ቤታቸው ጥግ ሥራ ይገባሉ።

ቅዳሜ ጠዋት ሚጡ ሦስቱን ካርዶች በየተራ እየገጠመች ለካች። መንገዱ አንድ፣ አውቶቡሱ አንድ፣ ዝናቡም አንድ ነው። አሮጌው በሰከንድ ሃያ ሁለት ምስል ሠራ፤ የአራት ዓመቱ ሰባ አምስት፤ አዲሱ መቶ ሃምሳ። ወረቀቷ ላይ "አዲሱ ከአሮጌው ሰባት እጥፍ ይፈጥናል" ብላ ጻፈችና ሥራዋን የጨረሰች መሰላት።

አባቷ በትከሻዋ በኩል አነበቡት።

"ሰባት እጥፍ ማለት ሲነዳ ምን ይመስላል?"

ሚጡ አዲሱን ገጠመችና ወንበሩን ለቀቀችላቸው።

አባት ሞተር አስነሥተው ወጡ። ገና የመጀመሪያውን መታጠፊያ ሳይጨርሱ አፋቸው ተከፈተ። ዝናቡ መስታወቱ ላይ ጠብታ በጠብታ ይወርዳል፤ በስፖኪዮው ውስጥ የተሳፋሪ ፊት ይታያል።

"ቆይ፣ ሦስተኛው ፌርማታ ላይ ያለችው ሴት ነች እንዴ?"

"አዎ፣ ጃንጥላ ይዛለች።"

"እኔ ዛፍ መስላኝ እኮ ነበር። ስንት ወር ሙሉ ጥያት አልፌያለሁ ማለት ነው?"

ሊጭኗት ፍሬን ያዙ። አውቶቡሱ ግን ከፌርማታው አሥር እርምጃ ቀድሞ፣ ኩሬ መሐል ቀጥ አለ። ሠላሳ አንድ ዓመት ከፌርማታ ውጪ ቆመው የማያውቁት ሰውዬ ጆሯቸው ድረስ ቀሉ።

"ፍሬኑን ምን አደረግሽው?"

ሚጡ መጀመሪያ ግራ ገባት፤ ከዚያ ነገሩ ተገለጠላት። በአሮጌው ካርድ ምስሉ ከእግራቸው ኋላ ይቀራል። አባቷ ሳይታወቃቸው ፍሬኑን ቀደም አድርገው መያዝ ለምደው ኖሯል። አሁን ምስሉ ከእግራቸው እኩል ሲሄድ ልማዱ ጉድ ሠራቸው። እሷ የለካችው ቁጥር ስለዚህ ነገር አንዲት ቃል አልተናገረም። ወረቀቷን ገልብጣ በጀርባው ሌላ ማስታወሻ ጀመረች።

በዚህ መሐል የአባቷ የድሮ ቲኬት ቆራጭ ከተፍ አሉ። እሳቸው አሥራ ስምንት ዓመት "ጠጋ በሉ፣ ጠጋ በሉ" እያሉ ጮኸው፣ ጠጋ በሉ የሚለው ቅጽል ስም ሆኖ የቀረባቸው ሰው ናቸው። የተባለውን ሁሉ ሰምተው ሲያበቁ አልተዋጠላቸውም።

"አዲስ ነው ስላሉህ ነው አዲስ የመሰለህ። ሳይነግሩህ ብትነዳ አትለየውም" አሉ።

"በደንብ እለየዋለሁ እንጂ።"

"የተሸነፈ ዛሬ የምሳ ዕቃ ያጥባል።"

ሚጡ ኮምፒውተሩን በአንሶላ ሸፍና፣ አባቷን ኮሪደር እያቆመች ካርዶቹን ቀያየረች። ጠጋ በሉ ታዛቢ ሆነው ተቀመጡ። አባት ገብተው "ይሄ አሮጌው ነው"፣ ወጥተው ገብተው "ይሄ አዲሱ"፣ እንደገና "ይሄ መካከለኛው" አሉ። አንድም አልሳቱም። ደስታቸው ልክ አጥቶ ወንበሩ ላይ ተንቀባረሩ። ሚጡን ያጠራጠራት ግን ምስሉ ገና ሳይመጣ መልሱ መምጣቱ ነው።

"አባባ፣ በምንድን ነው የሚለዩት?"

"በሞተሩ ነዋ" አሉ፣ የሚያስደብቅ ነገር መሆኑ እንኳ ሳይታያቸው። "የአሮጌው ካርድ ማራገቢያ ዳገት እንደያዘ አውቶቡስ ያቃስታል። መካከለኛው ያፏጫል። አዲሱ ድምፁ የለም።"

ጠጋ በሉ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ሚጡም ከሳቋ ጋር እየታገለች የአባቷን ጆሮ በትልቅ የጆሮ ማዳመጫ ደፈነችው፤ ፈተናውም እንደ አዲስ ተጀመረ። አሮጌውን አባት ወዲያው አወቁት። በሁለቱ ላይ ግን ቸገራቸው። መካከለኛውን አዲስ አሉት፣ አዲሱን መካከለኛ አሉት፤ በመጨረሻም ማዳመጫውን አውልቀው "ሁለቱ መንትዮች ናቸው" ብለው እጅ ሰጡ።

"በይ ሳሙናውን አሳዪው" አሉ ጠጋ በሉ።

ሚጡ ግን አልሰማቻቸውም። ከስክሪኑ ጀርባ ጎንበስ ብላ የተለጠፈውን ጽሑፍ እያነበበች ነበር። ስክሪኑ በሰከንድ ማሳየት የሚችለው ስድሳ ምስል ብቻ ነው። አዲሱ ካርድ መቶ ሃምሳ ቢሠራም ትርፉ ዓይን ጋ ሳይደርስ ይቀራል። የአራት ዓመቱ ሰባ አምስት ለዚህ ስክሪን ከበቂ በላይ ነው። ይህን ከድሮም ታውቀዋለች፤ ጠዋት ቁጥሩን ስትደረድር ግን ትዝ አላላትም።

ሰኞ ለባለቤቱ የሰጠችው ጽሑፍ እንዲህ ብሎ ይጀምር ነበር፤ "አዲስ ካርድ ከመግዛትዎ በፊት ስክሪንዎ በሰከንድ ስንት ምስል እንደሚያሳይ ይወቁ።" ባለቤቱ ሁለቴ አነበበውና አገጩን አሸት አሸት አደረገ።

"ይሄማ ሰውን ሁሉ ወደ ያገለገለው ይልክብኛል።"

"እውነቱን ነው የነገርናቸው።"

ትንሽ አንገራገረና ለጠፈው። በሳምንቱ መጨረሻ መደርደሪያው ላይ የነበሩት ያገለገሉ ካርዶች አለቁ። አዲሱን የፈለጉትም አልቀሩም፤ እነሱ ግን ከነፈጣን ስክሪኑ ነበር የጠየቁት። ባለቤቱ ከዚያ በኋላ አገጩን ሲያሽ አልታየም። የአራት ዓመቱንም ካርድ "ይሄ የመርማሪው ሾፌር ድርሻ ነው" ብሎ ለሚጡ ሰጣት።

በቀጣዩ ቅዳሜ ጠጋ በሉ ከአባቷ ወንበር ኋላ ቆመው፣ አንድ እጃቸውን መደገፊያው ላይ አድርገው ፌርማታ ይጠሩ ጀመር። ሚጡ ምሳ አቅርባ ሦስት ጊዜ ተጣራች።

"ተሳፋሪ ጭነን እንዴት እንመጣለን?" አሉ አባቷ፣ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳይነቅሉ።

ሚጡ ሳህኗን ይዛ መጣችና አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። እየበላች፣ ሁለቱ ሰዎች ሲከራከሩና ሲሳሳቁ እያየች፣ እስከ መስመሩ መጨረሻ አብራቸው ሄደች።