ምስጋና የበዛበት ድንጉላ

አርባ አራት ዓመት ሙሉ የዝላይ ፈረስ አርብቻለሁ፣ አሠልጥኛለሁ። ከእጄ የወጡ ባዝራዎችና ሰንጋዎች አገር ላገር ዞረው ዋንጫ አምጥተዋል። በሰሜን ጀርመን፣ በዲትማርሽን የጎመን ማሳ መካከል ካለው ግቢያችን የወጣ ድንጉላ ግን አንድም ቀን «ይህ ለዘር ይሁን» ተብሎ አያውቅም። ዳኞች የዘር ድንጉላ በሚመርጡበት አዳራሽ ስድስት አቀረብኩ፤ ስድስቱም ወደቁ። የወደቀ ድንጉላ ዕጣው የታወቀ ነው፦ ሰኞ ሐኪሙ ይመጣል፣ ማክሰኞ የተኮላሸ ሰንጋ ነው።

ሰባተኛው ዳማ ነበር፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ነጥብ አለችው። እኔ ስልሳ ስምንት ዓመት ሞልቶኛል። ይህም ከወደቀ የእናቴ ባዝራ ዘር በድንጉላ መዝገብ ሳይገባ እኔ ማረፌ ነው። ስለዚህ ሁሉንም በእጄ ልሥራው አልኩ፤ በዳኞቹ ፊት በሶምሶማ የማስሮጠውም እኔው ልሁን ብዬ ድርቅ አልኩ። ያንን የሚሠሩት ነጭ ሱሪ የለበሱ ጎረምሶች ናቸው። ነጭ ሱሪ ገዛሁ።

«አንቺ ሴት፣ ጉልበትሽ ሲንቋቋ እኮ እስከ ባሕሩ ይሰማል!» አለኝ ባሌ ዴትሌፍ፣ በአዳራሹ በር ላይ የአተር ሾርባውን ይዞ።

«ይሰማ! ድንጉላው ለምዶታል።»

«ብትወድቂስ?»

«ከወደቅኩ እሱ ይጎትተኛል። አንተ ሾርባህን ጠጣ!»

አልወደቅኩም። እንዴት እንደሮጥን ልንገራችሁ፦ እሱ እግሩን ሲያነሳ አሸዋው የሚያቃጥለው ይመስል ነበር፤ እኔም አብሬው ተነሳሁ። ትንፋሼ አለቀ፣ ሱሪዬ ከወገቤ መንሸራተት ጀመረ፣ በአንድ እጄ ልጓም በአንድ እጄ ሱሪ ይዤ ሮጥኩ። ሕዝቡ ያጨበጭባል። ሳቄ መጣ! እንደዚያ ያለ ደስታ በሠርጌ ቀንም አላየሁ፤ ዴትሌፍም ያውቀዋል።

ከዚያ ፍርዱ ደረሰ። ድንጉላውን ይዤ በዳኞቹ ፊት ቆምኩ። የሚናገረው ዳኛ በዚያ ዓመት ከደቡብ ጀርመን፣ ከባቫሪያ የመጣ ፊቱ የቀላ ሰውዬ ነበር። እኛ የሰሜኑ ረግረግ ሰዎች በምስጋና በኩል ቆጣቢ ነን። ሙሽራ ብታምር «አትከፋም» እንላለን፤ ፈረስ እንደ ንስር ቢዘል «የባሰ አይተናል» እንላለን። አፋችን የሚፈታው ለሟች ብቻ ነው። አጎቴ ሃይኖ በዕድሜው ሁለት ጊዜ ተመስግኗል፤ ሁለቱንም ጊዜ ሬሳ ሳጥን ውስጥ ነበር።

«ክቡራትና ክቡራን!» አለ ሰውዬው በድምፅ ማጉያው። «እንዴት ያለ ድንቅ ፍጥረት ነው! አንገቱን እዩልኝ! እንዴት ያለ ግርማ! እንዲህ ያለውን ሶምሶማ ማየት ጸጋ ነው!»

አለቀልን፣ አልኩ በልቤ፤ እየቀበረው ነው። ስድስቱ ሲወድቁ እንኳ እንዲህ የተባለላቸው የለም። ሰውዬው አላቆመም፤ ስለ ዓይኑ ተናገረ፣ ስለ ትከሻው ተናገረ። በእያንዳንዱ ቃል አንድ አካፋ አፈር ሲጫንብን ይሰማኝ ነበር። ቀባሪውን እስከ መጨረሻ ቆሜ አልሰማም አልኩና ድንጉላዬን አዙሬ፣ አገጬን ቀና አድርጌ፣ ወደ መውጫው ሄድኩ።



«ወይዘሮ ቲየን?» አለ ማጉያው። «ወይዘሮ ቲየን፣ ወዴት ነው?»

ዴትሌፍ አጥሩን ዘሎ ሲሮጥ አየሁት፤ ሰባ አንድ ዓመቱ ነው፣ ሾርባው ደረቱ ላይ ፈሷል።

«ቴልዜ! ተመለሺ! ገና አልጨረሰም እኮ!»

«ሰማሁት! አንተ አልሰማህም እንዴ እንዴት እንደሚያመሰግነው?»

«ሰውዬው ባቫሪያዊ ነው፣ አንቺ! እነሱ ቁርሳቸውንም እንዲህ ነው የሚያመሰግኑት!»

«ምነው እመቤቴ፣ ምን አጠፋሁ?» አለ ዳኛው፤ ድምፁ ለቅሶ ለቅሶ ይላል።

«እርስዎ ምንም አላጠፉም!» ብዬ ጮህኩ ከመውጫው። «ግን ቅኔውን ይተዉልኝና ባጭሩ ይንገሩኝ! ተመርጧል ወይስ አልተመረጠም?»

«አል...» አለና ሳል ያዘው።

በዚያች ሳል ውስጥ አንድ ዓመት አረጀሁ።

«አልጨረስኩም ልል ነበር» አለ ድምፁ ሲመለስለት። «ተመርጧል! በሁሉም ዳኞች ድምፅ!»

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ግን የምለቅመው ጠፍቶኝ አሸዋው ላይ ቁጭ አልኩ። ድንጉላው ባርኔጣዬን በጥርሱ አንስቶ ያኝክ ጀመር። ሁለት ሺህ ሰው ሳቀ። የማላውቃቸው ሰዎች አረቄ አቀበሉኝ፤ ጠጣሁ። ዳኛው መጥቶ እጄን ሲጨብጠኝ እሱንም አቅፌ ሳምኩት፤ ዴትሌፍም ተሰልፎ ሳመው።

የተመረጠ ድንጉላ ወደ ቤት አይመለስም። ከሰዓት በኋላ ለዘር የሚወስደው የእርባታ ጣቢያ ሰዎች መጥተው ልጓሙን ከእጄ ተቀበሉ፤ ፈጥነው ነው የወሰዱት፣ ደግነታቸው ነው።

ስድስት ጊዜ በዚያ መንገድ ስንመለስ መኪናው የሚስበው የፈረስ ተጎታች የወደቀውን ድንጉላ ይዞ ከባድ ነበር፤ እኔና ዴትሌፍም ቃል አንለዋወጥም። ያን ቀን ባዶው ተጎታች በየጉድጓዱ እየዘለለ ሲንኳኳ፣ እኛ እንደ ሕፃን እየተንከተከትን ሄድን። ዴትሌፍ መስኮቱን ከፍቶ ለመንገድ ዳር ላሞች ይጮሃል፦ «ክቡራት! እንዴት ያለ ጸጋ! ጅራቷን እዩልኝ!» እኔ ሆዴን ይዣለሁ። «ተው፣ እንገለበጣለን!» እለዋለሁ፤ እሱ ይብስበታል።

ግቢ ገባን። እኔ ከመኪናው ወረድኩ፣ ወደ ኋላ ዞርኩ፣ የተጎታቹን መዝጊያ አውርጄ «ና ውረድ ልጄ፣ ደረስን» አልኩ።

ገለባ ብቻ ነበር። በጥርስ የተነከሰ ግማሽ ካሮትም ነበር።

ዴትሌፍ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። «የለም እኮ፣ ቴልዜ» አለኝ ቀስ ብሎ።

«አውቃለሁ» አልኩት። «አርባ አራት ዓመት ሙሉ ባዶውን ይዤ መመለስ ነበር ምኞቴ፤ ይኸው።»

ሳቄ እንደገና መጣ፤ መቼ ልቅሶ እንደሆነ አላውቅም። ደስ ብሎኝ ነበር፤ በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ እጄ ግን ከመዝጊያው አልላቀቅ አለ። የዘጋው ዴትሌፍ ነው።