ባለቤቱን የሚጫወት የለም

ታናሽ ወንድሜን ምንይሉን ቀብረን፣ ተዝካሩን ባወጣን በሳምንቱ፣ ጓደኞቻችን ከሞት አስነሡት። ያስነሡት ደሴ ፒያሳ፣ በተውፊቅ አባት ልብስ ስፌት ቤት ጓሮ፣ በጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ነው። ያስነሡት በዳይስ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ። በ2003 ዓ.ም. ገደማ አንድ የውጭ አገር አስተማሪ ወደ አገሩ ሲመለስ ለተውፊቅ አንድ ወፍራም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ትቶለት ሄደ። የጨዋታ መጽሐፍ ነው። አንዱ ተራኪ ይሆናል፤ ሌሎቻችን ደግሞ እያንዳንዳችን አንድ ሰው ፈጥረን፣ እሱን ሆነን እንናገራለን። ተራኪው «በሩን ከፈታችሁት፣ ውስጥ ዘንዶ ተኝቷል፣ ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል። እኛ ያሰብነውን እንናገራለን፤ መሳካት አለመሳካቱን ሃያ ገጽ ያለው ዳይስ፣ ተጥሎ በሚያወጣው ቁጥር፣ ይወስናል። ዳይሱን ተውፊቅ ከበሬ ቀንድ ጠርቦ ሠራው። ተራኪያችንም እሱ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ እሁድ ከሰዓት ሌላ ሥራ አልነበረንም።

ምንይሉ በዕለት ኑሮው የደሴ–ኮምቦልቻ ሚኒባስ ረዳት ነበር። በጨዋታው ውስጥ ግን ጎራዴ የታጠቀ ጦረኛ ሆነ፤ ስሙንም «አባ ሂሳብ» አለው። ጠላት በገደለ ቁጥር እጁን ዘርግቶ «ሂሳብ ከኋላ» ሲል በሳቅ እንፈርሳለን። በመጨረሻው እሁድ አባ ሂሳብን ዘንዶ አቃጥሎ ጣለው። በማግስቱ ሐረጎ ቁልቁለት ላይ፣ ባዶዋን ወደ ኮምቦልቻ ስትወርድ፣ የሚኒባሷ ፍሬን አልይዝ ብሎ ገደል ገባች። ሹፌሩ በላቸውና ወንድሜ ሞቱ።

ከተዝካሩ በኋላ ወደ ጓሮው ስገባ ሁሉም ከመቀመጫቸው ተነሡ። ተውፊቅ አቀፈኝ። «አብሽር ጸጋው፣ አብሽር ወንድሜ» አለኝ። ከተቀመጥን በኋላ መተረክ ጀመረ። የቤተ መቅደሱ ካህን በአባ ሂሳብ ሬሳ ላይ የአልማዝ ዱቄት በተነ፤ ጸለየ። ከፊቴ የተቀመጠው ብሩ ዳይሱን ወረወረ። አጨበጨቡ።

«አባ ሂሳብ ተነሣ» አለ ተውፊቅ። «ከእንግዲህ አንተ ትጫወተዋለህ። ምንይሉ በመሃላችን እንዲኖር ብለን ነው።»

«ዳይሱ እንቢ ቢልስ ኖሮ?» አልኩት።

ብሩ ሳቀ። «ደግመን እንጥላለን እንጂ። ለሱ እንሰስታለን?»

«ደግማችሁ ትጥላላችሁ» አልኩ። «ተውፊቅ፣ ሬሳውን ከገደሉ በገመድ ስናወጣ ከላይ የጎተትከው አንተ ነህ። እጅህ ተልጦ ነበር። በዚያ እጅ ነው የአልማዝ ዱቄት የምትበትነው?»

«ጸጋው፣ ጨዋታ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ። ሞትን የማያውቅ ሰው የጻፈው ጨዋታ ነው።»

ክፉ አስበው እንዳላደረጉት ይገባኛል፤ ንዴቴ ግን አልበረደም። ለነገሩ ከዚያ በፊትም ከመካከላችን የወጣች ነበረች። የኮምቦልቻዋ ረውዳ ዓመት ያህል አብራን ስትጫወት ቆይታ «ይሄ ጨዋታ የሀብታም ልጅ ነው፣ ምንም ቢያጠፋ ምንም አይሆንም» ብላ ትታን ሄደች። ያኔ ስቀንባታል።

ተውፊቅ ሊክሰኝ ፈለገ። በሚቀጥለው እሁድ ሕጉን አጥብቆ መጣ፤ ቁስል ያመረቅዛል፣ ስንቅ ያልቃል አለን። የእኔ ሰው ከገደል ወድቆ እግሩ ተሰበረ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ከዋሻ ውስጥ ጠበል አገኘንና በአንድ ጉንጭ ተነሥቼ ሮጥኩ። ተውፊቅ አላስቻለውም፤ ልቡ ይራራል። መጽሐፉንም ጨዋታውንም ትቼ ወጣሁ።

ውጭ ያለው ወሬ ደግሞ ከጨዋታው አይሻልም። መናኸሪያ ያሉ ረዳቶች ሁሉ የመኪናዋ ፍሬን አልይዝ ካለ እንደከረመ ያውቃሉ። ለቅሶ የመጣው ሰው ግን ሁለት ነገር ብቻ ነው የሚናገረው፤ አንዱ «ቀኑ ደርሶ ነው» ሲል፣ ሌላው «ያ በላቸው እንደ እብድ ይነዳ ነበር» ይላል። እኔም በላቸውን ነበር የምረግመው። ፍሬን እንደሌላት እያወቀ ወንድሜን ጭኖ ሐረጎን የወረደ ሰው ሌላ ምን ይባላል? ያን ሰሞን የሹፌሩ ቤተሰብ ሽማግሌ ላከብን። አስታራቂው አበጋር ሼህ ጀላል ናቸው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም በእሳቸው ቃል ያድራል። እናቴ እሺ አለች። ሥርዓቱ የታወቀ ነው፤ የበዳይ ወገን ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ ይመጣል፣ ከሟች ወገን ታላቁ ድንጋዩን አንሥቶ ወደ ኋላው ይጥላል። ከተጣለ በኋላ ያንን ሞት ዳግም የሚያነሣ የለም። አባታችን ስለሌለ ጣዩ እኔ ነኝ።

ቀኑ እስኪደርስ እሁዶቼን ኮምቦልቻ አሳለፍኩ። ረውዳ በርበሬ ወንዝ ሰፈር ሞባይል ትጠግናለች፤ ሱቋን ዘግታ የራሷን ጨዋታ ታስጫውታለች። መጽሐፍ የለውም፤ እሷው የፈጠረችው ነው። ጎራዴም ዘንዶም የለም። ሹፌር አለ፣ የቀበሌ ሰው አለ፣ ከደጋን በርበሬ ተሸክማ የምትመጣ ገበያተኛ አለች። ማን ማንን እንደሚሆን በዕጣ ነው። የሞተ ሰው ወረቀቱ ይቀደዳል፤ የተቀረው የቅሬ፣ የቀብር እድር፣ አባል ስለሆነ ሥራውን ትቶ ይቀብራል። መቃብር ያልቆፈረ፣ እሱ ሲሞት የሚቆፍርለት አያገኝም። እኔ በወባ ሞትኩ፤ ሌላ ጊዜ ቦርከና ሞልቶ ወሰደኝ። ማንም አላስነሣኝም። ደስ አለኝ።

አንድ እሁድ ረውዳ ዕጣውን ከማዞሯ በፊት ለብቻዬ ጠራችኝ።

«ዛሬ ሐረጎ ነው» አለችኝ። «ካልቻልክ ሂድ፣ ማንም አይቀየምህም።»

«ለዚህ ብዬ እኮ ነው የመጣሁት።»

የሟች ወንድም ይደርሰኛል ብዬ ነበር። ወረቀቱን ስገልጠው «የሹፌሩ ሚስት» ይላል።

«ቀይሪልኝ።»

«አይቀየርም።»

«ረውዳ፣ ከሰው ሁሉ የሱን ሚስት?»

«ዕጣ እንዳይቀየር ስትጮህ የከረምከው አንተ ነህ፣ የኔ ወንድም» አለች። ሌሎቹ አቀረቀሩ።

ጨዋታው ሄደ። መኪናዋ ወደቀች፤ ተቀበረ፤ ሽማግሌ ተቀመጠ። ሽማግሌውን የሚጫወተው ደምመላሽ የሚባል የጋራዥ ሠራተኛ ነው። ቀልደኛ ነበር፤ ያን ቀን አልቀለደም።

«ባልሽ ፍሬኑ እንደማይዝ ያውቅ ነበር?» አለኝ።

«ያውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ነዳ?»

ለምን እንደነዳ ስጠይቅ ነው የከረምኩት። መልሱን ግን ከእሱ ቤት ሆኜ ፈልጌው አላውቅም። አሁን ሚስቱ ነኝ፤ ማታ ሲገባ የማየው እኔ ነኝ፤ ምን ብሎ እንደሚያድር የማውቀው እኔ ነኝ።

«አልነዳም ቢል ቁልፉን ለሌላ ይሰጡታል» አልኩ። «ልጆች አሉን።»

ደምመላሽ የበሩን መደገፊያ ብሎኬት አምጥቶ አንገቴ ላይ አኖረው። ከብዷል፤ ሲሚንቶው ይቧጭራል። አጎንብሼ መሬት መሬት እያየሁ «የመኪናው ባለቤት የት ነው ያለው?» አልኩ።

ረውዳ የተቀመጡትን አየቻቸው። «ባለቤቱን የሚጫወት የለም» አለች። «ዕጣው ውስጥ የለም።»

«ለምን?»

«እኔ እንጃ። ወላሂ ጸጋው፣ አስቤው አላውቅም።»

ከተውፊቅ የአልማዝ ዱቄት ይልቅ ይሄ አንገበገበኝ። የገበያተኛዋን ማዳበሪያ፣ የትራፊኩን ፊሽካ፣ የወባውን ትንኝ ሳይቀር ያሰበች ልጅ ባለቤቱን ረሳችው። ክፋት አልነበረባትም። እኛም ስንጫወት ከርመን አንዳችን የት ነው ብለን አልጠየቅንም። ሁላችንም እንዲህ ነን፤ አገሩ ሁሉ ያለ እሱ ይጫወታል።

እርቁ የተደረገው ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር፣ እናቴ ደጅ፣ ዳስ ተጥሎ ነው። ዳሱን ያስተከለው የመኪናዋ ባለቤት አቶ ቀለሙ ነው። ለተዝካሩም በግ ልኮ ነበር። በስብሰባ ሁሉ ፊት ወንበር የሚያዝለት ሰው ነውና እዚህም ከሽማግሌዎቹ ተርታ፣ ከሼህ ጀላል ቀጥሎ፣ ነጭ ጋቢውን ደርቦ ተቀምጧል።

እናቴ ከመውጣቴ በፊት ክንዴን ያዘችኝ። «ልጄ፣ ዛሬ ማርና ልረፍ» አለችኝ።

የበላቸው ሚስት አባይነሽ ጥቁር ለብሳ፣ ድንጋይ በአንገቷ ተሸክማ ከበሩ ጀምሮ በጉልበቷ ዳኸች። ሕፃን ልጇን አንዲት ጎረቤት ከበሩ ላይ ይዛላታለች። «ማሩኝ» አለች። ባሏን የቀበረች ሴት ናት፤ እንደኛው ማቅ የለበሰች። ማንን ምን በድላ ነው የምንምራት? አንገቷ ላይ ደም ስሩ ተገትሯል። ያ ብሎኬት ያረፈበት የራሴ አንገት አቃጠለኝ።

ተነሥቼ ድንጋዩን አነሣሁት። ሰው «እሰይ» ማለት ጀመረ። ወደ ኋላዬ አልጣልኩትም። ታቅፌው ወደ ሽማግሌዎቹ ተርታ ሄድኩና በአቶ ቀለሙ ጫማ ፊት አስቀመጥኩት።

«ይሄ የእርስዎ ነው» አልኩት።

ዳሱ ተንጫጫ። አቶ ቀለሙ እግሩን ሰብስቦ ፈገግ አለ። «ሐዘን ነው፤ ልጅ ነው፤ አልቀየመውም» አለ ለሽማግሌዎቹ።

ሼህ ጀላል ዘንጋቸውን ከፍ ሲያደርጉ ጫጫታው ቆመ። «ቀለሙ» አሉ፤ «ፍሬኑ እንደማይዝ ተነግሮህ ነበር?»

«ሼሃችን፣ መኪናዋ ቦሎ አላት።»

«ቦሎዋን አልጠየቅሁህም።»

«መቼም የሟች ቀን ከደረሰ...»

«ቀኑን ለአላህ ተውለት። እኔ የጠየቅሁህ ያንተን ነው።»

አቶ ቀለሙ ጋቢውን ማስተካከል ያዘ። የመለሰችው አባይነሽ ናት፤ ገና ከጉልበቷ አልተነሣችም።

«ባሌ ቤቱ ሄዶ ነግሮታል፣ አባባ» አለች። «እኔም ልጄን አዝዬ አብሬው ነበርኩ። ‹ካልነዳህ የሚነዳ ሞልቷል› ነው ያለው።»

ሼህ ጀላል ወደ አቶ ቀለሙ ዞረው ጠበቁ። እሱ መሬት መሬት ያያል። በመጨረሻ ዘንጋቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«ይቅርታ የሚሰጠው ለጠየቀ ነው» አሉ። «ይህች ሴት የምትጠይቀው የላትም። መጠየቅ ያለበት ደግሞ ከዳኛ ጋር ተቀምጧል። እኔ በዚህ ላይ አልመርቅም።»

ምርቃት ያልተደረገበት እርቅ እርቅ አይደለም፤ ይህንን በዳሱ ውስጥ የማያውቅ የለም። ሽማግሌዎቹ ተከትለዋቸው ወጡ። አቶ ቀለሙ ብቻውን በወንበር ተርታው መሃል ቀረና፣ ትንሽ ቆይቶ ድንጋዩን ዞሮ ሄደ። አካሄዱ ሰላምታ እንደሚጠብቅ ሰው ነበር፤ እጅ የነሣው ግን አልነበረም።

እናቴ ስታለቅስ ሰማኋት። «አላሳረፍከኝም» አለችኝ። አላሳረፍኳትም፤ ምን ልበላት? ይዣት ልገባ ስል እጄን አስለቀቀችኝና ወደ አባይነሽ ሄደች። ክንዷን ይዛ አስነሣቻት፣ ከጉልበቷ ላይ አቧራውን በነጠላዋ አራገፈችላት፣ የሟች ቤተሰብ በሚቀመጥበት ሰሌን ላይ ከጎኗ አስቀመጠቻት።

በኋላ እናቴ ወደ በሩ አየችና «ያ ልጅ ርቦታል መሰለኝ፣ አምጪውና አጥቢው» አለቻት።