ያልጠበቀው ብሎን

ደሴ ሆጤ ላይ የመኪና ዘይት የሚቀይረው ባሽር ደስተኛ ሰው ነበር። ምን ያስከፋዋል? ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ደንበኛ ተመልሶ መጥቶ «ምነው ባሽር?» ብሎት አያውቅም። «ባሽር የነካው ብሎን አይፈታም» ይባልለታል። እሱም ሲባልለት አይጠላም፤ ሰው ነዋ።

አንድ ሐሙስ ሀይደር ሚኒባሷን ይዞ መጣ። ሀይደር የኮምቦልቻዋ ነጋዴ የወይዘሮ መዲና ሹፌር ነው፤ ሁለት ልጆቹን የሚያሳድገው በዚያች መሪ ነው። ባሽር ከመኪናዋ ሥር ገብቶ የቆየውን ዘይት አፈሰሰ፣ ፊልትሮውን ቀየረ፣ የማፍሰሻውን ብሎን በጣቱ አዙሮ መለሰው። በመፍቻ ሊያጠብቀው ሲል የዐስር አዛን ተሰማ። «ከሶላት መልስ» ብሎ ወጣ፤ እጁን በናፍጣ አጥቦ፣ በኦሞ ፈትጎ፣ ለሶላት ውዱ አድርጎ ከሀይደር ጋር መስጊድ ሄደ። ሲመለሱ ከላይ አዲሱን ዘይት ሞላና «በል፣ አላህ በሰላም ያግባህ» ብሎ ሸኘው። ብሎኑን ረሳው። ከዚያ ወዲያ ሌላ መኪና ስላልመጣ በጊዜ ዘግቶ ቤቱ ገባ።

ሚኒባሷ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት ስትወርድ ብሎኑ ወለቀ፣ ዘይቱ አስፋልት ላይ ቀረ። ሀይደር የዘይት መብራት አይቶ ጥግ እስኪይዝ ድረስ ሞተሩ ደርቆ ቀጥ አለ። ደግነቱ ሰው አልተጎዳም።

ወሬው በማግስቱ ደሴ ደረሰ፤ የደረሰው ግን ተጣሞ ነው። «ሀይደር ትናንት ካንተ ወጥቶ ሰርገኛ ጭኖ ጠጠር መንገድ ገብቶ ነበር አሉ» አለው ጎረቤቱ ጣሀ። «ብሎኑን ድንጋይ መትቶት ነው። ወይዘሮ መዲና ዛሬ ከመሪው ሊያወርዱት ነው። ያንተ ስም ሲነሳማ፣ ወላሂ ባሽር አይደለም ብለው ማሉ።»

ባሽር ደስ ብሎት ሳቀ። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለው። ትናንት ማታ ሚስቱ ሰብሪያ «ዛሬስ እጅህ የሙሽራ እጅ መስሏል» ብላ አሹፋበት ነበር። ከሶላት መልስ ያንን ብሎን ነክቶ ቢሆን እጁ ምን ሲል ንጹህ ይሆናል? ብሎኑን አላጠበቀውም።

እስቲ አስቡት። ዝም ቢል ማን ያውቃል? ብሎኑ ሐረጎ ገደል ውስጥ ነው፤ ገደል ደግሞ አይመሰክርም። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል፤ የሃያ ዓመት ስም በአንድ ቃል መጣል ቀላል አይደለም። ግን የሀይደር ልጆች ምን ይብሉ? በሱ ስም የተማለውስ መሐላ? ባሽር ይህን ተሸክሞ ማደር አልቻለም። የሥራ ቤቱን ዘግቶ ኮምቦልቻ ወረደ።

ሲደርስ የወይዘሮ መዲና ሳሎን ውስጥ ሽማግሌ ተቀምጧል፤ የመኪናዋ ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ሀይደር አንገቱን ደፍቶ ቆሟል።

«ደግ መጣህ ባሽር» አሉ ወይዘሮ መዲና። «ብሎኑን አጥብቀህ እንደሰጠኸው አንተው ንገረው።»

«እትዬ መዲና፣ በኔ ነገር አይማሉ። ብሎኑን ያላጠበቅኩት እኔ ነኝ። አዛን ሲል ትቼው ሄድኩ፣ ስመለስ ረሳሁት። ሀይደር ምንም አላጠፋም።»

ሀይደር ቀና ብሎ አየው።

«እኔ እኮ ባንተ ምያለሁ» አሉ ወይዘሮ መዲና።

«ሰምቼ ነው የመጣሁት።»

ተቆጡ፤ ምን ይደበቃል፣ ባሽር ዕድሜውን ሙሉ ያልሰማውን ሰማ። ሲበቃቸው ቁልፉን አንስተው ለሀይደር ሰጡት። «አንተ ደግሞ ያበላሸኸውን በእጅህ ታበጃለህ» አሉት ባሽርን።

አበጀ። ከአንድ የሞተር አዋቂ ወዳጁ ጋር ሞተሩን አውርዶ አሥራ ስምንት ቀን ለፋበት። ሐሜቱም አልቀረለትም፤ አሁን ደንበኛ ሁሉ ጎንበስ ብሎ ብሎኑን ሳያይ አይሄድም፣ አንዳንዱማ የራሱን መፍቻ ይዞ ይመጣል። ባሽር ይከፋዋል ብላችሁ እንደሆነ ተሳስታችኋል። «ድሮ ብቻዬን ነበር የምጠነቀቀው፤ ዛሬ አገሩ ሁሉ ያግዘኛል» እያለ ይስቃል፣ ማታም ጥሩ እንቅልፍ ይተኛል።

ባለፈው ሳምንት ሀይደር ዘይት ሊያስቀይር መጣ። ባሽር ጨርሶ ከሥር ወጣና እንደ ልማዱ መፍቻውን ዘረጋለት።

«ውረድና ሞክረው።»

ሀይደር ከመቀመጫው ንቅንቅ አላለም። ሞተሩን አስነሳ።

«ሌላው ይሞክር» አለው። «እኔ ማየት ያለብኝን ኮምቦልቻ አይቻለሁ።»