ንጹሕ ሳንባ፣ ቆሻሻ ፊልም

የድንጋይ ከሰል ኩባንያው ሐኪም በሽታ ፈልጎ አያውቅም፤ ምክንያት ግን አያጣም። የራጅ ፊልሙን መብራቱ ላይ ሰቀለና ፊቱ በራ።

"አይዞህ! ሳንባህ ንጹሕ ነው፤ የቆሸሸው ፊልሙ ነው" አለው ቆፋሪውን።

ፊልሙ በረዶ የዘነበበት ይመስላል። የከሰል በሽታ በራጅ ሲታይ ነጭ ነው፤ ኩባንያው ሰው ደረት ውስጥ ገብቶ እንኳ ራሱን ነጭ አስመስሎ መታየት ያውቅበታል።

ቆፋሪው ጉድጓድ ውስጥ ሃያ ዓመት ሠርቷል። አሁን ደረጃ ሲወጣ እንደ ተቀደደ ወናፍ ያፏጫል። የመጣው ለአንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሐኪሙ "ታሟል" ብሎ ከጻፈለት ከጉድጓድ ወጥቶ ምድር ላይ ይሠራል። የምትናገርለት ሚስቱ ናት፤ እሱማ ትንፋሹን ለሳሉ ይቆጥባል።

"ፊልሙን ምን አቆሸሸው ዶክተር?"

"አቧራ ነዋ። ፊልሙ የሚቀመጥበት ሳጥን ውስጥ ይገባል።"

"በተዘጋ ሳጥን?"

"አቧራ በር አያንኳኳም፣ እህቴ።"

"የእሱን አፍንጫስ ሲገባ አንኳኩቶ ነበር?"

ይሄኔ የኩባንያው የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ገባ፤ ሠራተኛው "አፈ ቅቤ" የሚለው። በመስክ ጉብኝት ቀን ካልሆነ ጉድጓዱን አያውቀውም። የራሱን የራጅ ውጤት ፈልጎ ነው። የእሱ ፊልም ሲሰቀል ጥርት ያለ ነው።

"እርስዎም በዚሁ ማሽን ነው የተነሡት?" አለችው።

"በዚሁ! ከባለቤትሽ ቀጥዬ፣ በዚያው ሳጥን" አለ፣ እየተኩራራ።

"ታዲያ አቧራው እርስዎን ሲያይ ብድግ ብሎ ወጣ?"

ሐኪሙ ጉሮሮውን ጠረገ። አፈ ቅቤ ነገሩ ዘግይቶ ገባውና ቆጣ አለ።

"እህቴ፣ እዚህ አቧራ አታስነሺ!"

"እኔ ነኝ አቧራ የማስነሣው?"

ቆፋሪውን ሳል ያዘው። ሐኪሙ እስክሪብቶውን አነሣ። "እሺ፣ ታሟል" አለ። ቆፋሪው ቀና አለ። ሐኪሙ የጻፈውን ጮክ ብሎ አነበበ፦ "አቧራ አይስማማውም፤ አቧራ ካለበት ይራቅ። ኩባንያው በጉድጓዱ ውስጥ አቧራ እንደሌለ ስላረጋገጠ፣ ወደ ጉድጓዱ ይመለስ።"

"ድንቅ አጻጻፍ ነው!" አለ አፈ ቅቤ።

"'የተማረ ይግደለኝ' ለካ ተረት አይደለም" አለች ሚስትየው፤ "የሥራ መደብ ነው።" የባሏን ፊልም ከመብራቱ ላይ መነጨቀችው።

"የኩባንያው ንብረት ነው!" ጮኸ ሐኪሙ።

"ቆሻሻ ነው አላሉም? ልጣልልዎ ብዬ ነው።"

የግቢው በር ላይ ዘበኛው ከሰል ሰርቆ የሚወጣ እንዳይኖር ይፈትሻል። የቆፋሪውን ኪስ መደባበስ ጀመረ።

"ኪሱን ተወውና ደረቱን ፈትሽ፣ ወንድሜ" አለችው። "ሃያ ዓመት የሰረቀውን እዚያ ነው ያጠራቀመው።"

ዘበኛው ሊስቅ አለና ተወው። "የያዝሽውስ?"

"ፎቶው ነው። ከኩባንያው ደመወዝ የማይበላ ሐኪም ዘንድ እየወሰድኩት ነው።"

ዘበኛው ወደ ክሊኒኩ ዞር ብሎ አየ። ሐኪሙ መስኮቱ ላይ እጁን እያወናጨፈ "ያዛት!" ይላል። ዘበኛው ጆሮውን አከከና የበሩን መዝጊያ እንጨት ከፍ አደረገላቸው።

ያኔ ቆፋሪው ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረ።

"ነገ እንዳትጠብቁኝ። አልገባም።"

ሌላም ሊል ነበር፤ ሳሉ ቀደመው። ሚስቱ ክንዱን ይዛ፣ እስኪያልፍለት ከበሩ ውጭ አቆመችው።