የኡናይሲ መደገፊያ የዞረባቸው ቤቶች

ከዚህ በታች ከተጻፈው አንዲት ቃል ውሸት ሆና የተገኘች እንደሆነ ጀልባዬ ከነሞተሯ ትስጠም። ጀልባዋ በእርግጥ የሚስቴ ወንድም ናት፤ ቢሆንም መሐላው መሐላ ነው። ነገሩ የሆነው እዚሁ ካዳቩ ደሴት፣ ናሳሉ መንደር ውስጥ ነው። ምስክር ለሚፈልግ መንደሩ በሙሉ አለ፣ ከነአሳማዎቹ።

ኤፓራማ ሃምሳ አንድ ዓመቱ ነው። ሦስት ኩንታል ታሮ፣ ያን ከባድ ሥራሥር፣ ከእርሻ ተሸክሞ መጥቶ፣ ላቡን ሳይጠርግ ኳስ ሜዳ የሚገባ ሰው ነው። በዚያ ዓመት ግን ያ ሁሉ ጉልበት የሚውለው እናቱን ለመሸከም ነበር። አሮጊቷ ኡናይሲ በዝናብ ቀን ከበሯ ደረጃ ላይ ተንሸራታ ዳሌዋ ተሰበረ። ሱቫ ከተማ ትልቁ ሆስፒታል ወስደው ብረት አስገቡላት፤ የመርከብ መልህቅ የሚያክል ብረት። አጥንቱ ገጠመ፣ እግሯ ግን አልታዘዝ አላት።

ከቤቷ በር እስከ መጸዳጃው፣ ከዳቦ ፍሬው ዛፍ ጀርባ፣ አርባ እርምጃ ነው። ጠዋት ጠዋት ኤፓራማ እንደ ሕፃን አቅፏት በሰው ፊት ያልፋል። ያየ ሁሉ “እንዴት አደርሽ ቡቡ” ይላታል፤ አያት ማለቱ ነው። ሠላሳ ዓመት የቤተ ክርስቲያኑን መዘምራን የመራች ሴት በልጇ ክንድ ላይ ተንጠልጥላ “ደኅና፣ ይመስገን” ትላለች። አንድ ቀን እንኳ አላማረረችም። ሻይ ግን ተወች። መጀመሪያ የከሰዓቱን፣ ቀጥሎ የጠዋቱን። የሎሚ ቅጠል ሻይ በትልቁ ጣሳ ካልቀረበላት የምትቆጣው ሴትዮ፣ ከንፈሯ እስኪሰነጣጠቅ ውሃ የማትቀምስ ሆነች።

“ናና፣ እናቴ፣ ለምንድነው የማትጠጪው?” አላት ኤፓራማ።

“አልጠማኝማ።”

“ትናንትም አልጠማሽም።”

“ትናንትም አልጠማኝም። አንተስ አሁን የምትሸከመው አነሰህ?”

ያኔ ገባው፤ ያልጠጣ ሰው መጸዳጃ ተሸክመው አይወስዱትም። በማግስቱ ጀልባ አስነሥቶ ወደ ደሴቱ ሆስፒታል ሄደ። የዚያን ቀን ባሕር ያየ ሰው እስከ ዛሬ በእንቅልፉ ይባንናል። ማዕበሉ የቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ያክል ነበር፣ ከነደወሉ። ኤፓራማ በአንድ እጁ ሞተሩን፣ በሌላው ለእጅ መንሻ የያዘውን፣ ተወቅጦ የሚጠጣውን የያንጎና ሥር ጨብጦ አለፈው። ልመና የሚሄድ ሰው ባዶ እጁን አይሄድም፤ ሥሩ ከሚረጥብ እሱ ራሱ ቢሰምጥ ይመርጥ ነበር።

እዚያ የአረጋውያንንና የአካል ጉዳተኞችን መርጃ ዕቃ የምታድለው ሲስተር ሜሬያ ናት። ኤፓራማ ቢሮዋ ገብቶ ወለሉ ላይ ተቀመጠ፣ እግሩን አጣጠፈ፣ ሥሩን ከፊቷ አስቀመጠና ንግግር ጀመረ። ንግግሩ አንድ ሰዓት ፈጀ። በመሃሉ ከጎን ክፍል ሁለት ሴቶች ወለዱ።

“ኤፓራማ፣ ተነሥ” አለችው። “ዕቃው በነጻ ነው የሚሰጠው። እዚህ ጋ ፈርም፣ በቃ።”

“በነጻ ከሆነማ ንግግሩ ጭራሽ ማጠር የለበትም። የገዛ ሰው ዕቃውን አንሥቶ ዝም ብሎ ይሄዳል። በነጻ የተቀበለ ሰው በምን አፉ ዝም ይላል?”

ሲስተር ሜሬያ ሥሩን አሽትታ፣ ደስ እንዳላት እንዳይታወቅባት ጎንበስ ብላ ጠረጴዛው ሥር አኖረችው።

“እናትህ ቁመቷ ምን ያህል ነው?”

“በዚህ ደሴት እሷን የምታህል ሴት አልተፈጠረችም።”

“አውቃታለሁ እኮ፤ ደረትህ ጋ ነው የምትደርሰው” አለችና አራት እግር ያለውን የመራመጃ መደገፊያ ገልብጣ፣ ቁልፎቹን እየተጫነች እግሮቹን ሁለት ሁለት ቀዳዳ አሳጠረቻቸው። ከመጸዳጃው በላይ የሚቆም፣ እጅ ማሳረፊያ ያለው ከፍ ያለ ወንበርም ጨመረችለት። ከዚያ ጣቷን ቀሰረች። “ይህ የእሷ ነው። የመንደሩ አይደለም። ከሦስት ወር በኋላ እመጣለሁ። ስትራመድበት ካላየሁ ወስጄ ለሌላ ነው የምሰጠው፤ አሥራ አንድ ሰው ተራ ይጠብቃል።”

ናሳሉ ሲደርስ መጀመሪያ ያገኘው ቪሊኬሳን ነው። ቪሊኬሳ የአክስቱ ልጅ፣ በእኛ አጠራር ታቫሌው ነው፤ ታቫሌዎች ደግሞ ሳይሰዳደቡ ሰላም ከተባባሉ ወይ አንዱ ታሟል፣ ወይ ሰው ሞቷል።

“ታቫሌ፣ ይሄ ለእናትህ ነው ወይስ ለፍየል በረት?”

“ለአንተ ላመጣልህ ነበር። የሚደግፈው እግር ብቻ ነው፣ ጭንቅላት አይደግፍም አሉኝ።”

ወንበሩ መጸዳጃው ላይ ተተከለ፣ መደገፊያው ከኡናይሲ አልጋ አጠገብ ቆመ። ጉዱ የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። እኛ ዘንድ ኬሬኬሬ የሚባል ነገር አለ፤ ዘመድ ፊት ለፊትህ ቁጭ ብሎ ዕቃህን ከለመነህ አልሰጥም አይባልም። ቪሊኬሳ ገና በሁለተኛው ቀን ጉልበቱን ይዞ እያነከሰ መጣ። አሳማ ረግጦት ነው። ለአንድ ቀን ብቻ ብሎ መደገፊያውን ወሰደ። ከቪሊኬሳ ላይ የሚስቱ አክስት ለልብስ ማስጫ ለመነችው። ከእሷ ላይ ወንድሟ መረብ ሊጠግንበት ወሰደው። ከዚያማ ማን ይከተለዋል? አንዱ የልጅ መቆሚያ አደረገው፣ አንዱ ካሳቫ ጫነበት፣ ሰባኪው ጉባኤ ሲመራ ተደገፈው ተባለ፤ ወደ ጎረቤት መንደር ተሻግሮ በጀልባ የተመለሰበት ሳምንትም አለ። መቶ ሃያ ቤት ዞሯል። ናሳሉ ያሉት ቤቶች ሠላሳ አራት ናቸው፤ እያንዳንዱ ቤት ሦስት አራት ጊዜ ገብቷል ማለት ነው።

“ቡቡ ለምንድነው የማትራመደው?” ብሎ የሚጠይቅ ሲኖር፣ ኤፓራማ እጁን ዘርግቶ “መደገፊያውን ዘመድ ወስዶብን” ይላል። ሰውም አንገቱን ይነቀንቃል፤ ማን ላይ ይፈረዳል? ኡናይሲ መስኮቷ ሥር ተቀምጣ ትሰማለች። ጣሳዋ ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ነው።

ሦስተኛው ወር ሞላ። አንድ ረፋድ ላይ የሲስተር ሜሬያ ጀልባ ባሕሩ ውስጥ ካለው የኮራል አለት ወዲያ ታየች። ያን ጊዜ ኤፓራማ የሮጠውን ሩጫ ፈረስ አይሮጠውም። ቤት ለቤት “የታለ?” እያለ፣ አንዱ ወደ ሌላው እየላከው፣ በመጨረሻ በመንደሩ ሹም ጓሮ ዓሣ እንዲደርቅ ተሰጥቶበት አገኘው። ዓሣውን አራግፎ መሬት ላይ ተቀመጠና የገዛ ዕቃውን በወጉ ለመነ። ሹሙም በወጉ ሰጡት፤ ሁለት ዓሣም መረቁለት። ታዲያ የመደገፊያው እግር አሸዋ ውስጥ እንደሚሰምጥ እስከዚያ ድረስ ማን አሰበ? መንደሩ ተጠራ። ጀልባዋ ኮራሉን አልፋ ዳር እስክትደርስ፣ ከኡናይሲ በር እስከ መጸዳጃው ጠፍጣፋ ድንጋይ ተደርድሮ አለቀ። በግማሽ ሰዓት፣ አርባ እርምጃ።

ሲስተር ሜሬያ መዝገቧን ይዛ ቆመች። ኡናይሲ ከአልጋዋ ተነሣች። መደገፊያውን አስቀደመች፣ አንድ እግሯን አመጣች፣ ሌላውን አመጣች። እንደገና። ማንንም ሳትይዝ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ በመንደሩ መሃል አለፈች። ከዛፉ ጀርባ ገብታ በሯን ራሷ ዘጋች። ኤፓራማ ፊቱን ወደ ባሕሩ አዞረ።

ከዚያ ሁሉም ኡናይሲ ቤት ገብቶ ምንጣፍ ላይ ተቀመጠ፤ ኤፓራማም እኔ እዚህ እንደጻፍኩት፣ አንድ ቃል ሳያጎድል፣ ለሲስተር ሜሬያ ተረከላት። ማዕበሉን፣ አሳማውን፣ መቶ ሃያውን ቤት፣ ግማሽ ሰዓቱን። ቪሊኬሳ ሱሪውን ጠቅልሎ የተረገጠ ጉልበቱን አሳያት።

“ያኔ የያዝከው ግራውን ነበር” አለ አንዱ ከኋላ።

ሲስተር ሜሬያ ስቃ ሳትጨርስ ወደ ኡናይሲ ዞረች። “ለዚህ ሁሉ ሰው ምስጋና መጻፍ ያለብኝ ይመስለኛል። እውነት ነው፣ ቡቡ?”

ኡናይሲ ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ አስተካከለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

“ባሕሩ የዚያን ቀን እንደዚህ ምንጣፍ ነበር” አለች። “ሲሄድም ሲመለስም በመስኮቱ አየው ነበር። መደገፊያው ደግሞ ሌላ ሰው ቤት ገብቶ አያውቅም። ከዚያ መጋረጃ ጀርባ ነበር፤ ጨርቅ ያለበስኩት እኔ ነኝ። ባየሁት ቁጥር ያ ደረጃ ነው የሚታየኝ። ፈራሁ፣ ልጄ። ሁለት ወር ሙሉ ፈራሁ። በነጻ ተሰጥቷት እምቢ አለች ብለው እንዳያሙኝ ነው ኤፓራማ ዘመድ ወሰደብን ሲል የከረመው። ቪሊኬሳን ምንም አልረገጠውም።”

ቪሊኬሳ ሱሪውን ቀስ ብሎ ወደ ታች መለሰ።

“መንገዱንም መንደሩ አልሠራውም። ከወንዝ በቀን አንድ አንድ ድንጋይ እያመጣ የደረደረው ይሄው ልጄ ነው። እይው፣ በመሃል በመሃሉ ሣር በቅሏል። ሰው እርሻ ሲወጣ ይጠብቅና ፊቱን ወደ እኔ አድርጎ ወደ ኋላ እየሄደ ነው ያስለመደኝ። ወደ ኋላ ሲሄድ ዛፉ ሥር ሁለቴ ወደቀ፤ እኔ አንዴም አልወደቅሁም። ይህን አልነገረሽም። ከጻፍሽ ይህን ጻፊ፤ አንቺንም ለእግሬ ልክ አድርገሽ ስላሳጠርሽው አመሰግንሻለሁ።”

ኤፓራማ ምንጣፉን እያየ ነበር።

“ኤፓ” አለች እናቱ። “ያን ጣሳ አውርደው። ሙላልኝ።”