የማረን ኮምፒውተር

ሃያ ሁለት ዓመት ኮምፒውተር ሸጬአለሁ። እዚህ አሜሪካ፣ ዱሉዝ ከተማ ውስጥ ጌም የሚጫወት ሰው ሁሉ አንድ ቀን የእኔ ባንኮኒ ፊት ሳይቆም አልቀረም። ላፕቶፕ ይሻለኛል ወይስ ዴስክቶፕ ብሎ ለሚመጣ ሁሉ መልሴ አንድ ጥያቄ ነው፦ «አንድ ቦታ ነው የምትቀመጠው ወይስ ትንቀሳቀሳለህ?» አንድ ቦታ ከሆነ ዴስክቶፕ፤ በዚያው ዋጋ ጉልበቱ ይበልጣል፣ ቶሎ አይግልም፣ ሲያረጅም ዕቃውን እየቀየርክ ታኖረዋለህ። የምትንቀሳቀስ ከሆነ ላፕቶፕ። አለቀ፣ ሌላው ወሬ ነው። አንዱ መጥቶ ኮምፒውተሩ ላይ ስለሚበራው መብራት ቀለም ሲጨቀጭቀኝ «ወንድሜ፣ የገና ዛፍ ነው እንዴ የምትገዛው?» እለዋለሁ። አለቃዬ ይህን አመሌን አይወድልኝም፤ ደንበኞቼ ግን ይመለሳሉ፣ ዋሽቻቸው አላውቅማ። የዋሸሁት አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱም ልጄን ነው።

እኔና ኮሪን ስንፋታ ማረን አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። ዳኛው አንድ ሳምንት እኔ ጋ፣ አንድ ሳምንት እናቷ ጋ ብሎ ወሰነ። ከዚያ ወዲህ አርብ በመጣ ቁጥር ልጄ ሻንጣዋን ትሸከማለች። የእኔ ቤት ዳገቱ ላይ ነው፣ የእናቷ ከድልድዩ ማዶ። ጓንቷ እዚያ፣ የበረዶ ጫማዋ እዚህ፤ የሒሳብ ደብተሯ ደግሞ ሁልጊዜ እሷ በሌለችበት ቤት።

አሥራ አራት ዓመት ሲሞላት የትምህርት ቤቷ የጌም ቡድን ውስጥ ገባች። አምስት ናቸው፤ ከትምህርት መልስ በየቤታቸው ተቀምጠው በኢንተርኔት አብረው ይለማመዳሉ። በገባች ማግስት ሱቅ መጣችና ባንኮኒው ላይ ተደገፈች።

«አባዬ፣ ላፕቶፕ ግዛልኝ።»

«ለምን ላፕቶፕ?»

«ለምን ይለኛል እንዴ! የሚንቀሳቀስ ሰው ላፕቶፕ ይግዛ የምትለው አንተ አይደለህ? ከእኔ በላይ የሚንቀሳቀስ ማን አለ?»

እውነቷን ነበር። ግን በዚያ ሰሞን «እናቴ ጋ ሁለት ቀን ልጨምር?» ማለት ጀምራ ነበር። እናቷ ቤት ውሻ አለ፣ ጓደኛዋም አጠገብ ናት። እኔ ቤት ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። ፈራሁ።

«ላፕቶፕ ይግላል» አልኳት። «ሲጮህ ደግሞ የፀጉር ማድረቂያ ነው የሚመስለው። ባይሆን እኔና አንቺ ራሳችን አንድ አሪፍ ዴስክቶፕ እንገጥማለን።»

ዓይኗ በራ። እኔ ደግሞ በሆዴ የያዝኩትን አልነገርኳትም። ዴስክቶፕ በየሳምንቱ ድልድይ አይሻገርም። እኔ ቤት ይቀመጣል፣ እሷም እሱ ወዳለበት ትመጣለች።

ሁለት ቅዳሜ ፈጀብን። የራታችን ድንችና ሥጋ ከነትሪው ወደ ጎን ተገፍቶ፣ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ በብሎን ተሞላ። ማረን ካቻቢቴውን ይዛ ምላሷን አውጥታ ታጠብቃለች፣ እኔ መብራት እይዝላታለሁ። ማብሪያውን ስትጫነውና ማራገቢያዎቹ ሲዞሩ «አባዬ፣ ነፍስ ዘራ!» ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ከዚያ ቀን የሚበልጥ ቀን በሕይወቴ አላየሁም። ውሸቴ ላይ የቆመ ቀን መሆኑን እያወቅኩም ዛሬም እወደዋለሁ።

እናቷ ጋ በምትሆንበት ሳምንት ግን ልምምዱ ያመልጣታል። ወር ሳይሞላ ተጠባባቂ አደረጓት።

«ይዤው ልሂድ?» አለችኝ አንድ ሐሙስ።

«ይሰበራል።»

«ላፕቶፕ ቢሆን ኖሮ…»

«ማረን፣ ተነጋግረን ጨርሰናል።»

ቀኑን ሙሉ በላፕቶፕ ተከብቤ የምውል ሰው ነኝ። አንዱን አንስቼ መሄድ ይከብደኝ ነበር? አይከብደኝም ነበር። አላደረግኩትም።

በማግስቱ አርብ፣ እኔ ሥራ ላይ እያለሁ፣ የኮምፒውተሩን ሳጥን በብርድ ልብስ ጠቅልላ አውቶቡስ ተሳፈረች። መንገዱ በበረዶ ጎርብጧል፣ አውቶቡሱ እስከ ማዶ ድረስ ሲያንገጫግጫት ሳጥኑን ጭኗ ላይ አቁማ አቅፋዋለች። ሳጥኑ ውስጥ ምስሉን የሚያወጣው የጌም ግራፊክስ ካርድ እንደ ጡብ ይከብዳል። ሳጥኑ ከመጓዙ በፊት ካርዱ ተነቅሎ ለብቻው ይጠቀለላል፣ ሳጥኑም በጎኑ ይተኛል። ይህን ከእኔ የገዛ ሁሉ ያውቀዋል። ለማረን ግን ነግሬአት አላውቅም፤ ከቤት ይወጣል ብዬ አላሰብኩማ።

ስልኩን ሳነሳ እያለቀሰች ነበር። «አልበራ አለኝ፣ አባዬ።»

ሄድኩ። በኮሪን ጠረጴዛ ላይ ከፈትኩት። ካርዱ የተሰካበትን ቦታ ሁሉም ዕቃ ከሚሰካበት ሰሌዳ፣ ከማዘርቦርዱ፣ ገንጥሎት ተንጋዷል። ማረን ጥፍሯን እየበላች አጠገቤ ቆማለች። ኮሪን ክንዷን አጣጥፋ ስታየኝ ቆየችና ድምፅዋን ሳታነሳ ጠየቀችኝ።

«ግሌን፣ ይቺ ልጅ ደንበኛህ ብትሆን ኖሮ ምን ነበር የምትሸጥላት?»

ማረን ቀና ብላ አየችኝ። ከእናቷ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ ሳጥኑ። ልጄ ሞኝ አይደለችም።

«እኔ እንድመጣልህ ነው?»

«አዎ» አልኳት። ምን እላለሁ?

«ያለሱም እመጣ ነበር እኮ» አለችና ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች።

ኮምፒውተሩን ወደ ሱቅ ወስጄ ማዘርቦርዱን ቀየርኩት። ከመደርደሪያው ምርጡን ላፕቶፕ አወረድኩና ከባንኮኒው ሥር አስቀመጥኩ። አብሮኝ የሚሠራው ድዌይን ነገሩን ሁሉ ያውቃል።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለኝ።

«ዝም በል አንተ» አልኩት። ልክ ነበር።

በሳምንቱ አርብ የእኔ ተራ ነበር። ማረን ሱቅ መጣች፤ ሻንጣዋን አልያዘችም። በመስተዋቱ በኩል የኮሪን መኪና ሞተሩ ሳይጠፋ ቆሞ ይታየኛል። ላፕቶፑን አውጥቼ ፊቷ አስቀመጥኩት። ክዳኑን በጣቷ ዳበሰችው።

«በጣም ያምራል። አመሰግናለሁ፣ አባዬ።» «ግን ለእኔ ዴስክቶፑ ነው የሚሻለኝ።»

«እንዴት ሆኖ? የምትንቀሳቀሽ ልጅ!»

«ከእንግዲህ አልንቀሳቀስም።» ባንኮኒውን እያየች ነበር የምትናገረው። «እናቴ ጋ ልኖር ነው። አንድ ቦታ።»

ልለምናት ፈልጌ ነበር። ቆጣ ብዬ የዳኛውን ውሳኔ ላነሳባትም ፈልጌ ነበር። ግን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ለሰው የተናገርኩትን መልሳ ነገረችኝ፣ ስሕተትም አላገኘሁበትም።

«እንግዲያው ዴስክቶፕ ነው» አልኳት።

ሳጥኑን ከፈትኩና ካርዱ እንዴት እንደሚነቀል አሳየኋት። በአረፋ ፕላስቲክ ጠቅልዬ እጇ ላይ አስቀመጥኩት። ካቻቢቴውንም ሰጠኋት።

«ማን መልሶ ይሰካልኛል?» አለች።

«አንቺ ራስሽ። ሁለት ብሎን ነው።»

ሳጥኑን የኮሪን መኪና የኋላ ወንበር ላይ በጎኑ አስተኛሁትና ቀበቶ አሰርኩለት። ማረን አቀፈችኝ፣ ካርዱ በመሐላችን ነበር። «እሁድ እደውላለሁ» አለች። መኪናው ወደ ድልድዩ ታጠፈ።

ስመለስ አንድ ሰውዬ ባንኮኒው ጋ ቆሞ ይጠብቃል፣ አጠገቡ የማረን እኩያ የምትሆን ልጅ አለች።

«ለልጄ ነበር» አለኝ። «ለጌም ላፕቶፕ ነው ዴስክቶፕ የሚሻለው?»

አፌን ከፈትኩ። ጥያቄዬ አልወጣም። ልጅቷ ጀርባ ላይ ሻንጣ ነበር።

«ድዌይን» አልኩ፣ «እባክህ አንተ አስተናግዳቸው።»