ከላይ የወጣው ጋቢ

ለጭሮ ከተማና ለአካባቢዋ ሕዝብ በሙሉ፦ የሂማሊያ ተራራ ዘንድሮ በዘጠነኛ ክፍል ጠረጴዛ ላይ ተገልብጦ መሠራቱን በታላቅ ሐዘን እናስታውቃለን። በአስፋልቱ በሚበሩት የጫት መኪኖች ላይ የደረሰ ጉዳት የለም።

ተራራውን በየዓመቱ የሚሠራልን የጂኦግራፊ መምህሩ ዘገየ ነው፤ የሚሠራውም በሁለት ጋቢ። ጥለት የሌለው የራሱ ጋቢ እስያ ነው፤ ቀይ ጥለት ያለው የሚስቱ የእንቁ ጋቢ ደግሞ ሕንድ። ጎን ለጎን ያነጥፋቸውና ከግራና ከቀኝ ቀስ እያለ ይገፋቸዋል። የሕንድ ጠርዝ እስያ ሥር ሾልኮ ይገባል፤ እስያ ትሸበሸባለች፣ ታብጣለች፣ ተራራ ትሆናለች። መሬት ይህን ለመጨረስ ሚሊዮን ዓመታት ይፈጅባታል፤ ዘገየ ግን ደወል ሳይደወል ይጨርሰዋል።

እኔ የሥራ ባልደረባው ነኝ፤ በአንድ ግቢም ስለምንኖር፣ እንቁ ጠመኔውን ከጋቢዋ እያራገፈች ስትነተርከው እሰማ ነበር። ሁልጊዜ የእሷ ከታች የሚሆንበትን ሕግ ማን እንዳወጣው ትጠይቀዋለች። በመሬት ያሳብባል። አምና ግን ተረታ።

"እሺ፣ ለከርሞ ያንቺ ከላይ ይወጣል።"

"ተማሪ ፊት?"

"ተማሪ ፊት።"

ከርሞው መጣ፤ እንቁ ግን የለችም። ጥር ላይ ቀበርናት።

አርባዋ እንደወጣ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ዳምጤ ክፍል ገብቶ ሊገመግመው ቀጠረ። ዘገየ ስንት ዘመን የጠበቀው የደረጃ እድገት በዚያች ክፍለ ጊዜ ላይ ተንጠልጥሏል። እኔም ለታዛቢነት ከኋላ ተቀመጥኩ።

አነጠፈ። ገፋ። የራሱ ጋቢ ከሥር ገባ፤ ቀዩ ጥለት እየተጣጠፈ ጠረጴዛው መሃል ቀጥ ብሎ ቆመ።

ከፊት የተቀመጠችው ሳሊሃ እጇን አወጣች። "ቲቸር፣ መጽሐፉ ላይ ከታች የምትገባው ሕንድ ናት።"

"ልክ ነሽ። ለፈተና መጽሐፉን ያዢ" አላት። ጋቢውን ግን አልነካውም።

ደወል ተደወለ፣ ተማሪው ወጣ። ዳምጤ ክፉ ሰው አይደለም፤ አንዴ ብቻ አስተካክሎ ቢገፋው እንዳላየ ሆኖ እንደሚያሳልፈው ነገረው። ዘገየ እጁን ቀዩ እጥፋት ላይ አሳረፈ፤ እንዳይፈርስ ነው መሰለኝ፣ አልተጫነውም።

"እያወቅከው ነው እንዴ የገለበጥከው?" አለ ዳምጤ።

"እያወቅኩ ነው።"

"ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍ? ለምን?"

ዳምጤ ወደ እኔ ዞረ። እኔ መስኮቱን አየሁ።

"አልነግርህም" አለ ዘገየ።